ከካሴቱ የቆረጥኩት ድምፅ

ከመንግሥት ለውጡ በኋላ በነበሩት ዓመታት አርባ ምንጭ ውስጥ የአንዲት አነስተኛ የሙያ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። የማኅበሩ አባላት ዝናብ የሚለኩ፣ የወንዝ ከፍታ የሚያነቡና አፈር የሚመረምሩ ሰዎች ናቸው። ጥቂቶቹ መሐንዲሶችና የግብርና ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ግን በደጃቸው መለኪያ ተተክሎላቸው በየጠዋቱ አንድ ቁጥር የሚጽፉ መምህራንና ገበሬዎች ነበሩ። በዓመት አንድ ጊዜ ለሁለት ቀን ጉባኤ እንቀመጣለን። ጉባኤውን የማሰናዳት ሥራ ለእኔ የተሰጠው ጽሕፈቴ ንጹሕ፣ መዝገቤም ሥርዓት ያለው ስለነበረ ይመስለኛል። ብዙ የማልናገር ሰው በመሆኔ ከመድረክ ይልቅ ከመድረኩ ጀርባ መሆኑ ይስማማኝ ነበር።

የምንሰበሰብበት አዳራሽ በከተማው ላይኛ ሰፈር በሴቻ ነበር። ከኦቨርሄድ ፕሮጀክተሩ የሚወጣው ምስል እንዲታይ መጋረጃው ይዘጋል፤ መጋረጃው ሲዘጋ ሙቀቱ ይበረታል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ቬንትሌተሩ ይከፈታል፤ ቬንትሌተሩ ሲከፈት ደግሞ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አንዲት ቃል አይሰማም። ከኋላ የሚቀመጡት ሁልጊዜ ከደጋ የሚወርዱት ናቸው፤ መንገዱ ስለሚያዘገያቸው የፊቱ ወንበር በሌሎች ተይዞ ይጠብቃቸዋል። ወፍራም ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ በላብ ተጠምቀው፣ በትዕግሥት፣ የማይሰሙትን ነገር ሲያዳምጡ ይውላሉ። እኔም «ለሚቀጥለው ጉባኤ» የሚል ደብተር ነበረኝ። የመጠጥ ውሃ በየረድፉ ይቀመጥ፤ የደጋ እንግዶች ወንበር ከፊት ይያዝ፤ ከባድ ጽሑፎች ከምሳ በፊት ይቅረቡ፤ እያልኩ ከዓመት ዓመት እጽፋለሁ፤ የቻልኩትንም አስተካክላለሁ። ጉባኤ ማለት በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ የሚያልቅ ነገር ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምን ነበር።

በዚያ ዓመት በመርሐ ግብሩ ላይ ከወትሮው የተለየ ጉዳይ ሰፈረ። ከዶርዜ በላይ፣ ደመና ከቤት ደጃፍ በሚያድርበት ቀበሌ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከአሥር ዓመት በላይ ዝናብ ሲለኩ ኖረዋል። ወርኃዊ ቅጻቸው አንድ ጊዜ እንኳ ቀርቶ አያውቅም፤ በከተማው ታችኛ ሰፈር ወዳለው ወደ ሲቀላ ገበያ የሚወርዱ ሸማኔ ጎረቤታቸው በጋቢዎቹ መካከል አድርገው ያመጡልኛል። ነገር ግን ቁጥራቸው በአቅራቢያው ካሉት ሁለት መለኪያዎች እጅግ ይበልጣል። በኮሌጅ የሚያስተምር አንድ ወጣት መሐንዲስ የአካባቢውን የዝናብ ካርታ ሲያዘጋጅ ይህን አስተዋለና በጥናታዊ ጽሑፉ ሁለት ሐሳብ አቀረበ፤ የመምህሩ መዝገብ ከካርታው እንዲወጣ፣ መለኪያውም ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር። በማኅበራችን ደንብ መሠረት ተመልካቹ፣ ማለትም መለኪያውን የሚያነበው ሰው፣ ጉባኤው ላይ ተገኝቶ የማስረዳት መብት አለው፤ ካልተገኘ ግን ያለ እሱ ይወሰናል።

መምህሩ ሊገኙ አይችሉም ነበር። በበልጉ ጭቃ ተንሸራተው ዳሌያቸውን ተጎድተው ነበርና በዚያ ቁልቁለት በጭነት መኪና መውረድ የሚታሰብ አልነበረም። ያን ያህል ዓመት የጻፉት ሁሉ እሳቸው በሌሉበት ሊሰረዝ መሆኑን ሳስብ፣ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ የነበረው ቴፕ ትዝ አለኝ። ሰውየው መምጣት ካልቻሉ ድምፃቸው ይምጣ ብዬ ሊቀመንበሩን ጠየቅኩ። ሊቀመንበሩ ረጋ ያሉ፣ ነገር የማያከሩ ሰው ነበሩ። «አሥራ አምስት ደቂቃ እሰጣቸዋለሁ፤ ለሌላውም የምሰጠው ያንኑ ነው» አሉኝ።

ጉባኤው ሦስት ሳምንት ሲቀረው በግብርና መኪና ተሳፍሬ ወጣሁ። መምህሩ በቀርከሃ ቤታቸው ደጃፍ፣ እግራቸውን ዘርግተው በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እግሬ እምቢ አለኝ እንጂ ልወርድ ነበር» አሉኝ። «ያ መሐንዲስ ልጅ ዓይኔን እያየ ውሸታም እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት።»

«ውሸታም አላለዎትም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን አለኝ?»

«ቁጥሩን ነው ‹አጠራጣሪ› ያለው።»

«አጠራጣሪ!» ብለው በርጩማቸው ላይ ተስተካከሉ። «ይኸው እንግዲህ በጡረታዬ ተሾምኩ።»

ባለቤታቸው ከእንሰቱ መካከል ብቅ ብለው በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሳቁ። እኔ ያን ጊዜ ከሰላምታ ያለፈ ጋሞኛ አላውቅም ነበር።

«ምን አሉ?»

«‹ዝናቡን ትቶ አንተን ሊለካ ነው እንዴ ልጁ?› ነው የምትለው» አሉኝ መምህሩ።

ቴፑን አወጣሁና ድምፅ ለመቅዳት ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ መጫን እንደሚያስፈልግ አሳየኋቸው። መምህሩ የአስተማሪነት ልማድ አልተዋቸውምና እንደገና እንድናገር አደረጉኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሳስረዳ ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው ሁለቱን ቁልፎች በአንድ ጣታቸው ተጫኑአቸው። ካሴቱ መዞር ጀመረ።

«እሷ ከገባት ይበቃል» አሉ መምህሩ።

ሁለት ባዶ ካሴትና የባትሪ ድንጋይ ትቼላቸው፣ «15 ደቂቃ» ብዬ በወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከሥሩም በቀይ አሰመርኩበት። መምህሩ ወረቀቱን ራቅ አድርገው አነበቡት። «ልጄ፣ በእኛ አገር በዚህ ጊዜ ሰላምታው እንኳ አያልቅም» አሉኝ። ፈገግ አልኩ፤ ወረቀቱን ግን መልሼ አልወሰድኩትም።

ካሴቱ ጉባኤው አምስት ቀን ሲቀረው ከወሩ ቅጽ ጋር ወረደ። ሸማኔው በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ቅጠሉንም በቃጫ አስረው ሲቀላ ገበያ ላይ ሰጡኝ። ሁለቱም ገጽ ሞልቷል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከጎረቤት ሁለተኛ ቴፕ ተውሼ፣ ሁለቱን በሽቦ አገናኝቼ፣ የቤቴን መስኮት ዘግቼ ሥራዬን ጀመርኩ።

መጀመሪያ ረጅም ምርቃት ነበር፤ በጋሞኛ፣ ከዚያም በአማርኛ። ለጉባኤው፣ ለከብቱ፣ ለቡቃያው፣ ለመንገደኛው፣ ለሊቀመንበሩ ልጆች። ይህን ቆረጥኩት። ቀጥሎ መምህሩ ስለ ቦታው ተናገሩ፤ ከታች ከቆላው ሐይቆች የሚነሣው ደመና ሽቅብ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያርፈው በእነሱ ትከሻ ላይ መሆኑን፣ ከተራራው ጀርባ ላሉት ሁለቱ መለኪያዎች የሚተርፈው ጥቂት መሆኑን አስረዱ። ይህን ጥሩ ነው ብዬ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ሰባት ጠዋቶች መጡ። በእያንዳንዱ ጠዋት የእግር ኮቴ፣ የቆርቆሮ ክዳን ድምፅ፣ የሚንቆረቆር ውሃ፣ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያም የባለቤታቸው ድምፅ በጋሞኛ፣ የመምህሩ መልስ በአማርኛ። ዶሮ ይጮኻል፤ ሰው ያስላል። በሦስተኛው ጠዋት ደግሞ ባልና ሚስቱ በጋሞኛ ተጨቃጨቁ። ቃሉ ባይገባኝም ቃናው ገባኝ፤ ሴትየዋ ይቆጣሉ፤ መምህሩ ይከራከራሉ፤ ሴትየዋ ይደግሙታል፤ በመጨረሻ መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቁጥሩን ይናገራሉ።

የሰው ቤት ጭቅጭቅ አደባባይ አይወጣም ብዬ ሰባቱንም ጠዋቶች አወጣኋቸው። ለእሳቸው ክብር ያደረግኩት መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም መቅረጫውን አጥፉ ብዬ አለማስታወሴ ቆጨኝ። በመጨረሻ የቀረው አሥራ አራት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ የሚሆን፣ ሳል የሌለበት፣ ዶሮ የሌለበት ንግግር ነበር። ዋናውን ካሴት በፖስታ አሽጌ፣ በላዩ ላይ «ሙሉው» ብዬ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ወረቀትም ሆነ ድምፅ የመጣል ልማድ የለኝም።

በጉባኤው የመጀመሪያ ቀን ከሰዓት በኋላ መሐንዲሱ ጽሑፉን አቀረበ። በትሕትና ነበር የተናገረው፤ የመምህሩን ስም አላነሣም። ከዚያ ቬንትሌተሩን አስጠፍቼ፣ ማይክሮፎኑን ከቴፑ ፊት አቁሜ ካሴቱን ከፈትኩ። የመምህሩ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። «ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ዝናቡ በእኛ ቦታ ይበዛል። ይህን ያህል ዓመት በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ለክቻለሁ።» ድምፁ አልቆ ቴፑን ዘጋሁ። አዳራሹ የሰማው ራሱን የሚከላከል አንድ ብቸኛ ሰው ብቻ ነበር።

«ስለ ቅንነታቸው ጥርጣሬ የለኝም» አለ መሐንዲሱ። «ጥያቄዬ ስለ አለካካቸው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ለብዙ ዓመት ሲለካ፣ አንድ ስሕተት ልማድ ሊሆንበት ይችላል። የሚያርመው የለም። ንግግሩ ውስጥ ይህን የሚመልስ ነገር አላገኘሁም።»

ብዙ ራሶች ተነቀነቁ። ሊቀመንበሩ ወደ ውሳኔ ሊያልፉ ብዕራቸውን ሲያነሡ፣ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ከደጋ የመጡ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። የዚያን ዓመት ወንበሮቹን ከፊት ይዤላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ከልማዳቸው ከኋላ ተቀምጠዋል።

«ይህን ሰው አውቀዋለሁ» አሉ፤ ቆመው፣ እየመረጡ በሚናገሩት አማርኛ። «ልጆቼን አስተምሯል። ዱቡሻ ላይ አብረን እንቀመጣለን።» ዱቡሻ ጋሞዎች የሚሸመግሉበትና የሚመክሩበት የአደባባይ መቀመጫ ነው። «እዚያ ማንም ሰው ሳይመርቅ ነገር አይጀምርም። ይሄ ሰው ደግሞ ውሃ ሲጠጣ እንኳ ይመርቃል። አሁን የሰማነው ምርቃት የለውም። የተቆረጠ ነገር አለ።»

ሰው ሁሉ ወደ ቴፑ ተመለከተ፤ ከዚያም ከቴፑ አጠገብ ወደ ተቀመጥኩት ወደ እኔ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኩ። ማይክሮፎኑ አሁንም ቴፑ ፊት ነበርና ድምፄ በመላው አዳራሽ ተሰማ።

«ለምን?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«መርሐ ግብሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ስለሚል።»

ሽማግሌው ገና አልተቀመጡም። «የኔ ልጅ» አሉኝ፣ ያለ ቁጣ፣ «ሰውየውን ጠራሽው፣ በር ላይ ደግሞ ልብሱን አስወለቅሽው እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳልፈልግ ሳቅኩ፤ ፊቴ ግን ይቃጠል ነበር። በዚያች ቅጽበት ሊያድነኝ የሚገባው ሰው መሐንዲሱ አልነበረም፤ ያዳነኝ ግን እሱ ነው።

«ሙሉው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቦርሳዬን ከፍቼ ፖስታውን አሳየሁት።

«እንግዲያው ልስማው» አለ። «የተቆረጠ ነገር ሰምቼ ብወስን ውሳኔዬም የተቆረጠ ነው የሚሆነው።»

«አንድ ሰዓት ከየት ልውለድ?» አሉ ሊቀመንበሩ መርሐ ግብሩን እያገላበጡ። እኔም በማግሥቱ ከመደበኛው ስብሰባ በፊት፣ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ ሊሰማ የሚወድ ሁሉ እንዲሰማ ሐሳብ አቀረብኩ። «በአንድ ሰዓት ማን ይመጣል?» አለ አንድ ድምፅ። «የመጣ ይመጣል» አሉ ሽማግሌው።

ጠዋት ከአዳራሹ ጀርባ ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ወንበሮቹን በረድፍ በረድፍ ደረደርኩ። ውጭ እንዲሆን የመረጥኩት በጠዋቱ ቅዝቃዜ መጋረጃም ቬንትሌተርም ስለማያስፈልግ ነበር። ሽማግሌው ቀድመው መጡና ድርደራዬን አዩት።

«የሰው ማጅራት እያየ ማን ያዳምጣል?» ብለው አንዱን ወንበር አንሥተው አዞሩት። እኔም ሌላውን አዞርኩ። ሰዎች ሲመጡ ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ቆመው፣ ቴፑ ደግሞ በክፍቱ በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኙት፤ ተናጋሪ በሚቆምበት ቦታ። ሊመጡ ከሚችሉት ውስጥ ያልመጡት ጥቂቶች ነበሩ። መሐንዲሱ የመምህሩን ቅጾች በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከፊት ተቀመጠ።

ካሴቱን ከፈትኩ። ምርቃቱ ሲጀምር ከደጋ የመጡት ሁሉ፣ አንድ ላይ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መለሱ፤ ለቴፕ። ከከተማ የመጡት ወጣቶች መጀመሪያ ሳቁ፤ በሦስተኛው ምርቃት ግን እነሱም አሜን ይሉ ነበር። መምህሩ በየምርቃቱ መካከል ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ ባዶ ጊዜ መስሎኝ ነበር የቆረጥኩት። ለካ ለመልሱ የተተወ ቦታ ኖሯል፤ ጉባኤው ልክ እዚያ ላይ ይመልስላቸዋል።

ከዚያ ጠዋቶቹ መጡ። የባለቤታቸውን ጋሞኛ ሽማግሌው ወደ አማርኛ ይመልሱልን ጀመር። ሴትየዋ ውሃውን ከመለኪያው ወደ ልኬት ወዳለው ብርጭቆ ይቀዳሉ፤ ቁጥሩን ይጠራሉ፤ መምህሩ ይደግሙታል፤ ሴትየዋ ‹አዎን› ካሉ በኋላ ብቻ ይጻፋል። ከመውደቃቸው በፊትም እንዲሁ ነበር፤ ገና በመጀመሪያው ጠዋት መምህሩ በጋሞኛ እንዲህ ማለታቸውን ሽማግሌው ተረጎሙልን፤ «ባለቤቴ ናት የምታነበው፤ ዓይኗ ከዓይኔ ይሻላል። እኔ ጸሐፊዋ ነኝ።» መሐንዲሱ ቅጹን ትቶ ቀና አለ።

ሦስተኛው ጠዋት ደረሰ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበርና ብርጭቆው ደጋግሞ ይሞላል፤ ይደፋል፤ ይቆጠራል። የመጨረሻው ሲቀር እኔ የቆረጥኩት ጭቅጭቅ ተጀመረ። ሽማግሌው ከካሴቱ ጋር እየተሽቀዳደሙ ተረጎሙት።

«‹ስምንት ነው› ይላል እሱ። ‹ስምንት አይደለም፣ ሰባት ነው› ትላለች እሷ። ‹እኔ ስምንት አያለሁ› ይላል። ‹ቆመህ ከላይ ስለምታይ ነው፤ ጎንበስ በል፣ ዓይንህን ከውሃው ጋር እኩል አድርግ› ትላለች። ‹ዳሌዬ አይታጠፍም› ይላል። ‹እንግዲያው የኔን ጻፍ› ትላለች።»

በካሴቱ ላይ መምህሩ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሰባት» አሉ።

መሐንዲሱ ከት ብሎ ሳቀ። «ዓይን ከውሃው ጋር እኩል! ይህቺን ነገር ለማስለመድ ከተማሪዎቼ ጋር ስንት ወር እንደምታገል ታውቃላችሁ?» ጣቱን በቅጹ ላይ አሂዶ የዚያን ቀን ቁጥር ፈለገ፤ አገኘውም። መጨረሻው ሰባት ሆኖ ነበር የተጻፈው። ቁጥር አብዝተዋል ተብለው የተጠረጠሩት ሰዎች ቁጥሩን ለማሳነስ ሲከራከሩ ሁላችንም ሰማን። ለክብራቸው ብዬ የደበቅኩት የእነሱ ምስክር ኖሯል።

ካሴቱ እስከ መጨረሻው ተሰማ፤ ዶሮውም ሳሉም። ሲያልቅ ማንም ቶሎ አልተነሣም።

በአራት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ መሐንዲሱ የትናንቱን ሐሳቡን ተወ። መዝገቡ በካርታው ላይ እንዲቆይ፣ መለኪያውም ከቦታው እንዳይነቀል፣ ነገር ግን ከጎኑ ሁለተኛ መለኪያ ለአንድ ዓመት እንዲተከልና ሁለቱ እንዲነጻጸሩ ጠየቀ። ይህም ትክክል ነበር፤ ጥርጣሬውን በአንድ ጠዋት ሳቅ አልጣለውም፤ ለዚህም አከብረዋለሁ። የቀረው የደንቡ ጉዳይ ነበር። አንድ የደንብ አዋቂ አባል ተነሥተው፣ ተመልካቹ «በአካል» ካልተገኘ ንግግሩ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር እንደማይችል አሳሰቡ።

«ጠዋት ስንመልስለት አልሰሙም?» አሉ ሽማግሌው። «ሰው ለሌለ ሰው ይመልሳል?»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «በቃለ ጉባኤው ላይ ‹ተገኝተዋል› ተብሎ ይጻፍ» አሉኝ።

በጉባኤ ላይ ከማስታወቂያ በቀር አስተያየት ሰጥቼ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ግን ከጠረጴዛዬ ተነሣሁ። «ስንት ሰው ብዬ ልጻፍ?» አልኩ። «አንድ ነው ወይስ ሁለት?»

ሊቀመንበሩ ወደ መሐንዲሱ አዩ።

«ሁለት» አለ መሐንዲሱ። የተቃወመ አልነበረም።

ከዚያ ዓመት ወዲህ የጉባኤያችን መልክ ቀስ በቀስ ተለወጠ። የመጀመሪያው ስብሰባ ከሾላው ሥር፣ በግማሽ ክብ፣ በምርቃት ይጀመራል፤ ከከባድ ጽሑፍ በኋላ አንድ ሰው በጋሞኛ ያጠቃልለዋል፤ ከማጠቃለያውም በኋላ ለመልስ የሚሆን ጊዜ በመርሐ ግብሩ ላይ ባዶ ይተዋል። ባዶ ሰዓት በገዛ እጄ ስጽፍ መጀመሪያ ላይ እጄ ከብዶኝ ነበር። መውረድ ላልቻሉት ሁሉ ጉባኤው ሳይቆረጥ በካሴት ይላክላቸዋል፤ የእነሱም መልስ በካሴት ወርዶ በሚቀጥለው ስብሰባ መክፈቻ ላይ ይሰማል። አንዳንዱ ካሴት ባትሪው ደክሞ ድምፁ እየጎተተ ይመጣል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አይሰማም። ሆኖም ከደጋ የሚመጡት ከፊት መቀመጥ ጀመሩ። ይህን ሁሉ እኔ ያሻሻልኩት ተደርጎ ብዙ ጊዜ ተመስግኛለሁ፤ ምስጋናው የማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ከተላኩት የመጀመሪያውን ካሴት፣ የዚያን ዓመት የሁለተኛውን ቀን ስብሰባ የቀዳሁበትን፣ ለሸማኔው አልሰጠሁም፤ ሁለተኛው መለኪያ ሲወጣ በዚያው መኪና ራሴ ይዤው ወጣሁ። መምህሩ በምርኩዝ መቆም ጀምረው ነበር። ከደጃፉ ተቀምጠን ሰማነው። መምህሩ ለባለቤታቸው እየተረጎሙ ቆዩ፤ የመሐንዲሱን ንግግር ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። መለኪያው አይነቀልም የሚለው ሲደርስ እጃቸውን ዘርግተው የምርኩዙን ራስ ጨበጥ አደረጉት። «ሁለት» የሚለው ቃል ሲመጣ ግን ቴፑን አስቆሙኝና ለባለቤታቸው በጋሞኛ ረዘም አድርገው አስረዱአቸው።

ሴትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በራሳቸው አማርኛ ጠየቁኝ።

«እኔም ጉባኤ ሄጄ?»

«ሄደዋል፣ እማማ። ተጽፏል።»

«ምሳ ምን በላን?»

«ዓሣ ነበር፤ የጫሞ ዓሣ።»

ፊታቸውን አኮማተሩ። «ዓሣ አልበላም። እንኳን ድምፄ ብቻ ሄደ።»

መምህሩ ዳሌያቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቃቸው አሳመማቸውና ተቆጡ፤ ተቆጥተውም እንደገና ሳቁ። እኔም በመጨረሻ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ያን ጭቅጭቅ የቆረጥኩት እኔ መሆኔን፣ ልሸሽግላቸው ፈልጌ እንደነበር ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅኩ። መምህሩ ተረጎሙላቸው። ሴትየዋ አጭር መልስ ሰጡ።

«‹ሰባት ስለነበረ ነው የተቆጣሁት› ነው የምትለው» አሉኝ መምህሩ። «‹ስምንት ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር› ትላለች።»

አዲሱን መለኪያ የት እንትከለው ብለን ስንመክር ቦታውን የመረጡት ሴትየዋ ናቸው፤ ከዛፍ ጥላ የራቀ፣ ከአሮጌው አራት እርምጃ ያህል። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ሸማኔው ሲቀላ ላይ ቅጹን ሰጡኝ። በማስመሪያ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ረድፍ ቁጥር ተሞልቶበታል፤ ከጥቂት ቀናት በቀር ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በሚለያዩባቸው ቀናትም ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው። ከታች «የተመልካቹ ፊርማ» በሚለው ላይ የመምህሩ ፊርማ አለ። ቅጹ ለሁለተኛ ሰው ቦታ ስላልነበረው ከሥሩ አዲስ መስመር ተሰምሮ፣ በመስመሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም የአውራ ጣት አሻራ ታትሞበታል።

ቅጹ ለሁሉም ቀበሌዎች እንደገና ሲታተም ሁለት የፊርማ መስመር እንዲኖረው አደረግኩ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከሌሎች ቀበሌዎችም፣ ከዚህ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው ፊርማዎች በሁለተኛው መስመር ላይ ይመጡልኝ ጀመር።